ከግራዬ የሚቆመው ሰው

ኅዳር ፫
ማኅሌት ቆመን ወጣን። ጉልበቴ ዛሬም እንደ ልማዷ አስቸገረችኝ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ባለቤቴ ሙሉዬ አውድማውን ለቅልቃ ጨርሳለች። ነፋስ ግን የለም…

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ በእውቀቱ ሰበሰቡን። መጻሕፍቱና መስቀሎቹ በሙሉ በፎቶግራፍ ሊመዘገቡ ነው። ባለፈው ግርግር ብራና የጠፋበት ደብር ብዙ ነውና አሳቡ መልካም ነው። አንድ ካሜራ ተልኮልናል። የትናየት የምትባል ፎቶ አንሺ ማክሰኞ ማክሰኞ ከላሊበላ እየመጣች ታስተምራለች። ካሜራውን የሚይዝ አንድ ሰው ይመረጥ ተባለ።

ዐይኔን ወደ መሬት አደረግሁ፤ የጓጓሁ እንዳልመስል። የደብሩን መጻሕፍት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

«መሪጌታ ደግሰው ይያዙት» አሉ አለቃ።

ደግሰው!

ቅናት አይደለም። እጠይቃለሁ እንጂ… ለምን እሱ?

ኅዳር ፭
ከደግሰው ጋር አርባ ሦስት ዓመት አብረን ነን። በአንድ ጉባኤ ተምረን፣ የለመንነውን ቁራሽ ተካፍለን፣ በአንድ ቀን መሪጌታ ተባልን። በማኅሌት እኔ እመራለሁ፤ እሱ ከግራዬ ይቆማል። ቦታችን ተለዋውጦ አያውቅም። በትምህርትም እንዲሁ፤ እኔ ፊት፣ እሱ ኋላ። መምህራችን ፊት ቅኔ ሊያቀርብ ቆሞ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ግማሿን ረስቷት ላብ ሲያጠምቀው፣ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ማታ ሲያጉረመርማት ሰምቼው ነበርና።

ይህን ለምን እጽፋለሁ? የሚያነበው የለም። ቢሆንም ይጻፍ።

ሙሉዬ ገብስ እያበራየች ጠየቀችኝ፤
«አንቱ ሰውዬ፣ ካሜራው ቢሰጥዎት ምን ሊያደርጉበት ነበር? ራዲዮውን እንኳ እኔ ነኝ የምከፍትልዎት!»
«ራዲዮና ካሜራ አንድ ነው?»
«ታዲያ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?»

የሙጃ ልጅ ናት፤ የአገሯ ሰው ምላሱ አያርፍም። 

ኅዳር ፲፪
የሚካኤል በዓል። ደግሰው ካሜራውን እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አድርጎ ዋለ። ከደጀ ሰላሙ ዘንድ በደረቱ ተኝቶ አገኘሁት። ጥምጣሙን እንደ ጠመጠመ! ምእመናን አውልቀው የገቡትን ጫማ ያነሣል።

«ደግሰው፣ ምን ጠፋብህ?» አልሁት፣ ሰው እንዲሰማ።
«ዝም በል፤ ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነው» አለኝ። ቀናም አላለ።

ሰው ሳቀ። በእሱ ይሆናል ብዬ ነበር… የሳቁት ግን እንደ ወደዱት አድርገው ነው።

ኅዳር ፲፭
ጾመ ነቢያት ገባ። ከሥጋና ከወተት ጾምሁ። ከደግሰው ስም ግን አልጾምሁም፤ ከቅዳሴ ወጥቼ ቤቴ ሳልደርስ ለሦስት ሰው አማሁት።

ኅዳር ፳፩
የደግሰው ፎቶግራፎች በደብሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። የትናየት ላሊበላ አሳጥባ አመጣቻቸው። ሁሉንም ቆሜ አየሁ።

ጫማዎቹ… የጎማ ጫማ፣ የተሰፋ ጫማ፣ አንዲት የሕፃን ጫማ፤ ሁሉም አፋቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዙረው። ከዚያ የመስኮቱ መስቀል ብርሃን በድንጋዩ ወለል ላይ ወድቆ። ከዚያ ደግሞ ዳዊት የያዙ ሁለት እጆች። እጅ ብቻ!

«ሰውየው የት ሄደ? ራስ የሌለው ሰው ምን ይባላል?» አልሁ።

 እማሆይ ወለተ ሩፋኤል እንደ ተጎነበሱ መጡና እጆቹን ትኩር ብለው አዩ። የራሳቸው እጆች ናቸው። «ይቺ የእኔ እጅ ናት?» አሉ። «ይህን ያህል ሠርታለች?» ከዚያ አለቀሱ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሠላሳ ዓመት አስተማርሁ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በእኔ ፊት አንድ ቀን ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ ስሙን ልጥራው። ቅናት ነው።

ኅዳር ፳፭
ላሊበላ ወረድሁ። የትናየት ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ደንግጣ ተነሣች።

«የኔታ! በሰላም ነው? ምን ልታዘዝ?»
«ደግሰው ያወቀውን እኔም ልወቅ።»

ፊቷ ላይ ሳቅ መጣ፤ ዋጠችው። ከመሳቢያዋ አንድ ያረጀ ካሜራ አወጣች። ጎኑ በፕላስተር ታስሯል። «አርጅቷል የኔታ፤ ግን ያያል» አለችኝ። የሚጫነውን፣ የሚዞረውን አሳየችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። ተማሪ ከሆንሁ ስንት ዘመኔ…

ስመለስ ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁት። የተሰረቀ ዕቃ የያዝሁ መሰለኝ።

ታኅሣሥ ፪
ዛሬ አሥራ አንድ ሰው አነሣሁ። የእኔ ሥራ እንደ ደግሰው መልክ የለሽ እንዳይሆን አስቀድሜ ሥርዐት አወጣሁለት።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ሕግ አለው። ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ፊቱን ለተመልካች ይሰጣል። ይሁዳ ግን በአንድ ዐይን ነው፤ ሰይጣንም፣ ጌታን የሰቀሉትም። ይህንን እኔና ደግሰው አንድ ቀን፣ አንድ ግድግዳ ሥር ቆመን ተምረነዋል። ስለዚህ ማንንም ከጎን አላነሣም። ሁሉን ከግድግዳ ጋር አስጠግቼ፣ እጁን ደረቱ ላይ አስደርጌ፣ «ሁለት ዐይንህን ስጠኝ!» እላለሁ።

ሙሉዬ አስቸገረችኝ። ዞር ትላለች።
«ቀጥ በይ!»
«ቀጥ ብዬ ሞቻለሁ እንዴ? ሽሮው ሊያርብኝ ነው!»

ታኅሣሥ ፰
የላሊበላ ገበያ። ዙልፋ ዘንድ ደረስሁ። በርበሬና ጨው ትሸጣለች፤ አባቷንም አውቃቸው ነበር። ከሚዛንሽ ተነሥተሽ ቁሚልኝ አልኋት።

«የኔታ፣ ልሽጥ ወይስ ልሰለፍ?»
«አንድ ጊዜ ብቻ።»
«ወላሂ፣ ያኛው መሪጌታ እንዲህ አላሉኝም! እዚህ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ስለ ልጄ ሕመም ሲጠይቁኝ ዋሉ። ማንሣታቸውንም አላወቅሁ። አንቱ ግን የመንግሥት ሥራ አስመሰሉት!»

ገበያተኛው ሳቀብኝ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ መውደድ አልሰማሁበትም።

እዚህም ቀድሞኛል። ልጅዋ መታመሟን እኔ አላውቅም ነበር… ልጅ እንዳላትስ አውቅ ነበር?

ታኅሣሥ ፲፩
ላሊበላ ወርጄ ሥራዬን ለየትናየት አሳየኋት። አንዱን ታያለች፣ ታልፋለች። ሌላውን ታያለች፣ ታልፋለች።

«እህ?»
«የኔታ… ሰዎቹ ሁሉ እርስዎን የፈሩ ይመስላሉ።»
«ይፍሩ እንጂ። መምህራቸው ነኝ።»
«ለመታወቂያ ደብተር ይሆናሉ» አለች፤ ወዲያው ምነው ባላልሁት ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ አንዲቱ ላይ ቆመች። «ይቺስ?»

ሙሉዬ ናት። ገብስ በሰፌድ እያነፈሰች፣ ወደ ጎረቤት ዞራ እየሳቀች፤ ብናኙ በጠዋቱ ፀሐይ እንደ ወርቅ። ሳላስበው ጣቴ ተጭኖት ነው። አንድ ዐይኗ ብቻ ይታያል።

«ይቺ ስሕተት ናት» አልኋት።
«ከሁሉም ይቺ ትበልጣለች የኔታ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን… እንደ ገና ከፈትኋት። ሙሉዬን እንዲህ ስትስቅ መቼ ነበር ያየሁት? በየዓመቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰፌድ ታነፍሳለች። በየዓመቱ አልፌያት ስሄድ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ታኅሣሥ ፲፬
አንድ ነገር ገባኝ። የትናየት «ይጠብቁ የኔታ» የምትለው ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። በወረብ ጊዜ ጸናጽሉ ተነሥቶ ገና ሳይወርድ የምትቀር አንዲት ቅጽበት አለች። ሁሉም ነገር ያለው እሷ ውስጥ ነው። ፎቶግራፍም የሚነሣው እዚያች ላይ ነው። ዛሬ በቅሎ ስትጠጣ አነሣሁ፤ ከከንፈሯ ጠብታው ሳይወድቅ። ወጣልኝ!

ለማን ላሳይ? መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ደግሰው ነበር። አላሳየሁትም።

ታኅሣሥ ፲፱
በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅር።

የገብርኤል ዕለት ደግሰው አዲስ ፎቶግራፎች ሰቀለ። መካከል ላይ፣ ከሁሉ ትልቁ፣ እኔ ነኝ። መቋሚያዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ማኅሌት ቆሜ። ከጎን! ግማሽ ጢም፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዐይን…

«ቁርጥ የኔታን!» ይላል ሰው።

በአንድ ዐይን ሰቀለኝ። ሕጉን የማያውቅ ገበሬ ቢያደርገው ይቅር ባልሁ። ደግሰው ያውቃል! አንድ ግድግዳ ሥር ቆመን ተምረነዋል። ይሁዳ ነህ ማለቱ ነው። በደብሬ፣ በተማሪዎቼ ፊት።

«እንዴት አየኸው?» ብሎ መጣ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።
«አየሁት» አልሁና ሄድሁ።

ታኅሣሥ ፳
አለቃ በእውቀቱ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስለ ሌላ ጉዳይ እንደ መጣሁ ሁሉ ስለ ጣሪያው ውሃ ተነጋገርን። ስወጣ ከበሩ ላይ ዞሬ፣
«የመቅደሱ መጋረጃ ሲገለጥ ካሜራው ወደ ውስጥ አይቷል ይባላል» አልሁ።

አለቃ ፊታቸው ጠቆረ። «ማን አለ?»
«ይባላል።»

ማን አለ? እኔ አልሁ።

ታኅሣሥ ፳፪
ጉባኤው ተቀመጠ። ደግሰው ማለ፤ «በዚያች መጋረጃ እምላለሁ፤ ወደ ውስጥ አላነሣሁም!» አለ። መቅደስ የሚያህል ነገር ስለሆነ ግን እስኪጣራ ካሜራው ከእጁ ይውጣ ተባለ። የሚያጣራውስ? አለቃ ወደ እኔ ተመለከቱ። «የኔታ አረጋ ያጣሩ። ሊቅ ናቸው፣ ካሜራም ተምረዋል፤ ወዳጃቸውም ናቸው፤ አይበድሏቸውም።»

ደግሰው ካሜራውን ከአንገቱ አወጣ። መስታወቱን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ሰጠኝ።
«ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ሳታጠፋው አትደር» አለኝ።



አሁን እፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። የተመኘሁት ይኸው። ልከፍተው አልቻልሁም።

ታኅሣሥ ፳፱
ልደት። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ገደል ሞላው። እኔ መራሁ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ወደ ቀኝ ዞሬ እጅ ነሣሁ። ወደ ግራ አልዞርሁም። አርባ ሦስት ዓመት ያልሆነ ነገር።

ደግሰው አጎንብሶ ሲጠብቀኝ በጆሮዬ ሰማሁት። የሰው መጎንበስ ይሰማል? ይሰማል።

አልቆረብሁም። ሙሉዬ ዳቦ እየቆረሰች ቀና አለች፤
«ደግሰውን ለምን አልጠሩትም?»
«አሞታል።»
«ሲዘምር አይቼዋለሁ። ያመመውስ አንቱን ነው!»

ጥር ፪
ከፈትሁት።

መጻሕፍቱን በተራ፣ ገጽ በገጽ፣ ጣት እንኳ ሳያስገባ አንሥቷል። ሥራው ንጹሕ ነው። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። እኔ። መቋሚያ ላይ ተደግፌ። እኔ፣ ዐይኔን ጨፍኜ። እኔ፣ ዜማ ስቼ ተማሪ ሳያውቅብኝ ከንፈሬን ነክሼ። እኔ፣ ከበሮው ሲነሣ፣ ፊቴ እንደ ሕፃን በርቶ። እንዲህ ያለ ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሁሉም ከጎን፤ ሁሉም በአንድ ዐይን። ሠላሳ ሲሞሉ መቁጠር ተውሁ።

ጥሩ ናቸው። እሱ ነው የሚያሳርረኝ! ከእኔዋ በቅሎ ይበልጣሉ።

መጨረሻ ላይ አንዲት አለች። ከትከሻዬ ኋላ የመጋረጃው ጫፍ ትታያለች፤ ዝግ ናት። ግን ጫፏ ትታያለች… ይህችን ብቻ ወስጄ ጉባኤ ፊት ባኖር፣ ለደግሰው ይበቃዋል። ካሜራውም ይቀርልኛል።

ጥር ፫
ያችን ሥዕል አራት ጊዜ አየኋት።

ጥር ፮
ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ነበር። ካሜራውን ይዤ ገባሁ። ያችን ሥዕል ከየት እንዳነሣት ላጣራ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። በየዐምዱ ሥር ቆምሁ። አንዱም አልገጠመም። በመጨረሻ ማኅሌት የምንቆምበት ቦታ ሄድሁ፤ ከራሴ ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ግራ። የደግሰው ቦታ። ድንጋዩ በእግሩ ልክ ጎድጉዷል። ቆሜበት አላውቅም።

ካሜራውን ወደ ቀኝ አነሣሁ። ገጠመ።

የመጋረጃው ጫፍ፣ ዐምዱ፣ መስኮቱ… መካከሉ ላይ የእኔ ቦታ ባዶውን። ከዚህ የቆመ ሰው ሁለት ዐይኔን ከየት ያገኛል?

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ካሜራውን ሳላጠፋው ቀርቼ ባትሪው አለቀ።

ጥር ፲፫
ጥምቀት አለፈ። ጉባኤው ውጤቱን ጠየቀኝ። ተነሣሁ። መቋሚያዬን ያዝሁ።

«በካሜራው ውስጥ ነውር የለም። መጋረጃው ዝግ ነው። ደግሰው እውነት ተናገረ።»
አለቃ ተነፈሱ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ያን ወሬ ያወራው ማን እንደሆነ…»
«እኔ ነኝ» አልሁ። «ይባላል ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም አላለም።»

ዝምታ። በኅዳር የተመኘሁትን ዓይነት ዝምታ ዛሬ አገኘሁ።

 አለቃ ፈረዱ፤ «ንስሓውን የነፍስ አባትዎ ይስጥዎ። ካሜራው ለመሪጌታ ደግሰው ይመለስ። የአስተርእዮን ማኅሌትም እሳቸው ይምሩ። እርስዎ ከግራቸው ይቁሙ።»

ከግራው! በተማሪዎቼ ፊት። የፍርዱ እውነትነት ሳይሆን ቦታው ነው የቆረጠኝ። 

በር ላይ ደግሰው ጠበቀኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተው፤ በዚህ ጉልበትህ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?»
«አውቀህ ኖሯል?»
«ወሬው ያንተ መሆኑን አላወቅሁም። መቅናትህን ግን ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ።»
«በምን አወቅህ?»
«አረጋ፣ አርባ ሦስት ዓመት ስቀናብህ የኖርሁ ሰው ነኝ። መልኩን አጣዋለሁ?»

 እሱ… በእኔ! አንድም ቀን ዞር ብዬ አይቼው ቢሆን ባወቅሁ።

«ለምን በአንድ ዐይን ሰቀልኸኝ?» አልሁት።
ግራ ገባው። ከዚያ ገባውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ይሁዳን አስበህ ነው? ለዚህ ነው?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተወው። «አስቤውም አላውቅ። ሌላ ፊት እንዳለህ እኔ በምን አውቄ?»

ጥር ፲፬
ነፍስ አባቴ ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ጉልበት! ይሁን።

ጥር ፲፯
የትናየት መጣች። የበቅሎዋን ፎቶግራፍ አሳየኋት። «የኔታ፣ ይህን መሪጌታ ደግሰው አይተውታል?» አለች። አላሳየሁትም አልኋት። «ያሳዩዋቸው እንጂ።» ወሰድሁለት። አገላብጦ አየና፣ «ጠብታዋን እንዴት ያዝሃት? እኔ ስንቴ ሞክሬ አመለጠችኝ!» አለኝ። ዐይኑ ውስጥ አንዲት ነገር ብልጭ አለች። አወቅኋት። እኔም መልኩን ለምጄዋለሁ።

ደስ አለኝ። ይህም ይናዘዛል እንግዲህ።

ጥር ፳፩
አስተርእዮ ማርያም። ደግሰው መራ። እኔ ከግራው ቆምሁ። በጎደጎደው ድንጋይ ላይ፤ ለእግሬ ጠበበኝ። ሁለተኛው ዜማ ላይ ቀለሙ፣ የሚቀጥለው ቃል፣ ጠፋበት፤ ላቡ ሲመጣ አየሁት። በሹክሹክታ አቀበልሁት። ሳይዞር ተቀበለኝ። ከበሮው ሲነሣ ግን እኔ ከምመራው የሞቀ ነበር። መጻፍ ባልወድም፣ የሞቀ ነበር።

በቅዳሴው ዲያቆኑ ሰላም ተባባሉ ሲል ወደ ቀኝ ዞርሁ። ደግሰው ቀድሞኝ አጎንብሶ ነበር። ቆረብሁ።

ቀን ታቦቱ ወጥቶ፣ ከወይራው ሥር ስብከት እንሰማ ነበር። ፀሐዩ ከማዶ መጥቶ በደግሰው ላይ አረፈ። አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ጢም፣ በጉንጩ ላይ የደረቀ ላብ… አንድ ዐይን። ፈገግ ሊል ነው፤ ገና አላለም። ያረጀውን ካሜራ ከጋቢዬ አወጣሁ። ጠበቅሁ።

ካሜራው ሲከፈት ሰማና፣ «ምነው፣ ሁለት ዐይንህን ስጠኝ አትለኝም?» አለ፣ ሳይዞር።
«ባለህበት ቁም» አልሁት።